የተሰረቀው ባና ዋጋ፦ ልብ ወለድ ጸሐፊ ከፊልም ምን ይማራል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ልብ ወለድ የሚጽፉ አንባብያን ከሚወዷቸው ፊልሞች ምን እንደ ተማሩ፣ ወይም የትኛው ነገር አልገባ እንዳላቸው እንዲጽፉልን ጠይቀን ነበር። በዚህ ወር የምናስተናግዳቸው አምስት ደብዳቤዎች ሁሉም ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። እንደ ልማዳችን የጠያቂዎቹን ስም አላወጣንም፤ ረቂቃቸውን አያይዘው የላኩልንንም ከረቂቁ ውስጥ ለመልሱ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ጠቅሰናል።

ከደብረ ብርሃን

«የአማርኛ መምህርት ነኝ። አንድ አጭር ልብ ወለድ ጽፌ ለአራት ጓደኞቼ አስነበብኩ። ታሪኩ ልጇን ለመጠየቅ ከመንዝ ተነሥታ ወደ አዲስ አበባ ስለምትጓዝ ባልቴት ነው። ለልጇ ይዛለት የምትሄደው ባና (ከበግ ጸጉር የተሠራ ብርድ ልብስ) ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ውስጥ ይሰረቅባታል። ሴትየዋ ስታለቅስ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፌአለሁ፤ እኔም ስጽፈው አልቅሻለሁ። ጓደኞቼ ግን ‹አማርኛው ያምራል› ከማለት በቀር ምንም አልተሰማቸውም። ፊልም ሳይ እኔ ራሴ በትንሽ ነገር እንባዬ ይመጣል። ፊልም ሠሪዎቹ የሚያውቁት፣ እኔ ያላወቅሁት ነገር ምንድን ነው?»

ውድ መምህርት፣ ረቂቁን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጓደኞችዎ አማርኛውን ማመስገናቸው ተገቢ ነው፤ ልባቸው አለመነካቱም አያስገርምም። ምክንያቱን ስፈልግ፣ ባናው ከመሰረቁ በፊት ስንት ጊዜ እንደ ተነሣ ቆጠርኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ባናዋን አዝላ» ይላል። ከዚያ በኋላ ስለ መንገዱ ብርድ፣ ስለ አውቶቡሱ መጨናነቅ፣ ስለ ሴትየዋ ደግነት ብዙ እናነባለን፤ ባናውን እንደገና የምናገኘው ሲጠፋ ነው። እርስዎ ሲጽፉ ያለቀሱት ባና ምን እንደሆነ፣ በስንት ድካም እንደሚሠራ ስለሚያውቁ ይመስለኛል። ከሐረር ወይም ከጅማ ሆኖ የሚያነብዎት ሰው ግን ይህን አያውቅም፤ ታሪኩም አላሳየውም። ስለዚህ ሴትየዋ ስታለቅስ ከሩቅ ያያታል እንጂ አብሯት አያለቅስም።

ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 የሠራው «የብስክሌት ሌቦች» የተባለው ፊልም የእርስዎን ታሪክ የሚመስል ታሪክ አለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሮም ከተማ ሥራ አጥቶ የኖረ አንድ አባወራ የማስታወቂያ ለጣፊነት ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ግን ብስክሌት ለሌለው ሰው አይሰጥም። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ብስክሌቱ ይሰረቅበትና ከትንሽ ልጁ ጋር ፍለጋ ይወጣል። ታሪኩ ይኸው ነው። ሆኖም ዴ ሲካ ሌባውን ከማምጣቱ በፊት ያ ብስክሌት ለዚያ ቤት ምን ያህል እንደሆነ በዝርዝር ያሳየናል። ብስክሌቱ በመያዣ ተይዞ ነበር። ሚስቱ ማሪያ የአልጋ አንሶላዎቻቸውን ገፍፋ ትጠቀልልና ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ ገንዘብ ወደሚያበድረው ቤት ይዘውት ይሄዳሉ፤ አንሶላው ገብቶ ብስክሌቱ ይወጣል። ከዚያ የሚከተለውን ትዕይንት ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላስታውስም። ሠራተኛው የእነርሱን ጥቅል ይዞ በመደርደሪያው ላይ ይወጣል፤ ይወጣል፤ አሁንም ይወጣል። መደርደሪያው እስከ ላይ ድረስ የሌሎች ሰዎች አንሶላ የታጨቀበት ነው። ማንም ምንም አይናገርም፤ እኛ ግን አልጋው የተራቆተው በአንድ ቤት ብቻ እንዳልሆነ በዓይናችን እናያለን። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ልጁ ብሩኖ ብስክሌቱን ሲወለውል አንድ ቦታ ላይ ተጎድቶ ያገኘዋል። መያዣ ቤት ሳለ ነው የጎዱት ብሎ ይቆጣል፤ አባቱ ዝም ማለቱ ያናድደዋል። ሌባው ሲመጣ እንግዲህ ከብስክሌቱ ጋር የማሪያን አንሶላና የብሩኖን ኩራት አብሮ ይዞ ይሮጣል። ተመልካቹም አብሮ የሚሮጠው ለዚህ ነው።

ፊልም ሠሪዎቹ ያውቁታል ያሉት ነገር ይህ ይመስለኛል። የሚጠፋ ነገር ካለ ከመጥፋቱ በፊት ዋጋው መታየት አለበት፤ ዋጋው የሚታየውም ባለቤቱ ለእርሱ ሲል በሰጠው ነገር ነው። ካሜራ የሰውን ልብ ከፍቶ ማሳየት ስለማይችል ፊልም ሠሪው አንሶላ፣ መደርደሪያ፣ የተጎዳ ብረት ለመፈለግ ይገደዳል። እኛ ጸሐፊዎች «እጅግ ትወደው ነበር» ብሎ መጻፍ ስለሚቻለን ፍለጋውን እንተወዋለን፤ ጉዳታችንም ከዚህ ይመጣል።

አሁን ወደ ባናው እንመለስ። የእናቴ እናት የመንዝ ሰው ነበሩ። በጉ ይሸለታል፣ ጸጉሩ ይታጠባል፣ ይነደፋል፣ ይፈተላል፣ በመጨረሻም ሸማኔ ዘንድ ይሄዳል። እኔ በልጅነቴ ያየሁት ፈትሉን ነው። አያቴ እንዝርቷን በቀኝ ጭናቸው ላይ በመዳፋቸው ገፋ አድርገው ያሾሯትና ክሩ ሲረዝም በዓይናቸው ይከተሉታል። ቀሚሳቸው በቀኝ ጭናቸው በኩል ከሌላው ቦታ ይልቅ ሳስቶ፣ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። ይህን ያስተዋልኩት በልጅነቴ ቢሆንም ምን እንደሆነ የገባኝ ካለፉ በኋላ፣ ቀሚሳቸውን አጥፌ ሳስቀምጥ ነው። የእርስዎም ባልቴት እንዲህ ያለ ምልክት በሰውነቷ ወይም በልብሷ ላይ ይኑራት። ልጇ ገና ሲሄድ መፍተል ጀምራ በስንተኛው ክረምት እንደ ጨረሰች፣ የትኛው በግ ተሸጦ የትኛው ለጸጉሩ እንደ ቀረ፣ ለሸማኔው የከፈለችው ከየት እንደ መጣ፣ ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን በመጀመሪያው ገጽ ያኑሩት። እዚህ ላይ ጽሑፍ ከፊልም የሚበልጥበት ነገር አለ፤ «ሦስት ክረምት ፈተለችው» የሚለውን ዳይሬክተር ለማሳየት ብዙ ትዕይንት ያስፈልገዋል፤ እርስዎ በሦስት ቃል ጨርሰውታል። የረጠበ ሱፍ ሽታንም ካሜራ አያውቀውም።

ይህን ካደረጉ በኋላ ሁለቱ የልቅሶ ገጾች በሙሉ ይውጡ። ይህን ስል እንደሚከብድዎት አውቃለሁ፤ ብዙ የደከሙበት ቦታ ነው። ነገር ግን ከስርቆቱ በኋላ አንባቢው የሚጠብቀው ለቅሶዋን አይደለም። «የብስክሌት ሌቦች» መጨረሻ ላይ አባትየው ተስፋ ቆርጦ ራሱ የሌላ ሰው ብስክሌት ለመስረቅ ይሞክርና ልጁ እያየው ይያዛል። ያን ጊዜ ስለ ብስክሌቱ መገኘትና መጥፋት ማሰብ እናቆማለን፤ በልጁ ዓይን አባቱ ምን ሆኖ ይቀራል የሚለው ጥያቄ ይይዘናል። እርስዎም ባልቴቷን መናኸሪያው ውስጥ ትተው አይጨርሱ፤ አዲስ አበባ ያድርሷት። ልጇ በር ላይ ቆሞ ባዶ እጇን ሲያያት ምን ትለዋለች? «ተሰረቅሁ» ብትለው ያዝንላታል። «ኧረ ረስቼው መጣሁ፤ እርጅና ነው» ብትለውና እርሱም ቢስቅ፣ ያን ሳቅ የሚሰማው አንባቢ ያለ አንዲት የእንባ ጠብታ የሚሆነውን ይሆናል። እኔ ብሆን በዚህ በኩል እሄድ ነበር።

ከመሐል ሜዳ

«አያቴ በልጅነታቸው ያዩትን አንድ አውጫጭኝ ደጋግመው ይነግሩን ነበር። በሬ ተሰርቆ የአገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ተከልክሎ፣ ሁሉም በየተራ እየማለ ይጠየቅ ነበር። ያየውን በምስጢር የሚጠቁመውን ሰው ‹ወፍ› ይሉታል። ይህን በአራት ተራኪዎች አፍ ልጽፈው ጀምሬአለሁ፤ ሐሳቡን ያገኘሁት ‹ራሾሞን› ከተባለው የጃፓን ፊልም ነው። ግን አራቱም ምስክሮች አንድ ዓይነት ሆኑብኝ። አንዱ ‹ቀይ በሬ ነው› ሲል ሌላው ‹ጥቁር ነው› ይላል እንጂ ልዩነት የላቸውም። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ጥያቄዎ ራሱ ግማሹን መልስ ይዟል። ምስክሮችዎ የተለያዩት በሬው ላይ ነው፤ እርስ በርሳቸው አልተለያዩም።

አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1950 የሠራው «ራሾሞን» ብዙ ጊዜ «እውነት እንደ ተመልካቹ ነው» በሚል አጭር አነጋገር ይጠቀሳል። ይህ አነጋገር ፊልሙን ያሳንሰዋል ብዬ አምናለሁ። ጫካ ውስጥ አንድ ሳሙራይ፣ ማለትም የጥንት ጃፓን ጦረኛ፣ ሞቶ ተገኝቷል፤ ሚስቱ ተደፍራለች፤ ሽፍታው ተይዟል። ሦስቱም ለዳኛ ይናገራሉ፤ ሟቹም በጠንቋይ አፍ ይናገራል። አሁን እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ሽፍታው በጀግንነት ተዋግቼ እኔ ገደልኩት ይላል። ሚስትየዋ በእጄ ጩቤ ይዤ ራሴን ሳትኩ፣ ስነቃ ጩቤው ደረቱ ላይ ነበር ትላለች። ሟቹ ደግሞ ራሴን በራሴ ገደልኩ ይላል። ከተራ ወንጀል ታሪክ ጋር ያስተያዩት፤ በተራው ታሪክ ሁሉም «እኔ አልገደልኩም» ብለው ይዋሻሉ። እዚህ ግን እያንዳንዱ ግድያውን ወደ ራሱ ይስባል። የሚዋሹት ከቅጣት ለማምለጥ አይደለም፤ ሽፍታው ስለ ወንድነቱ፣ ሴትየዋ ስለ ንጽሕናዋ፣ ሳሙራዩ ስለ ክብሩ ሲሉ ነው። ሞትን የሚመርጡለት አንድ ነገር አላቸው፤ ውሸታቸውም በዚያ ነገር ቅርጽ ተሠርቷል።

ለመንዝ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። «ከእንግዲህ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?» የሚለውን አነጋገር አያትዎ ሺህ ጊዜ ሰምተውታል። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ምስክርዎ አንድ ወረቀት ይያዙና ሜዳው ላይ ከመቅረቡ በፊት ይህን ብቻ ይጻፉ፤ ይህ ሰው በሬው ቢገኝም ባይገኝም፣ ራሱ ቢታሰርም ቢፈታም፣ ማንም እንዲያውቅበት የማይፈልገው ምንድን ነው? አንዱ ያን ሌሊት ከቤቱ ውጭ ያደረው በሬ ሊሰርቅ ሳይሆን እህል ሊለምን ዘመድ ዘንድ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ጎተራው ባዶ መሆኑ ከሚታወቅበት ሌባ ቢባል ይሻለዋል። ይህን ሰው በምስክርነት አቁሙት፤ ስለ በሬው ቀለም አንድም ቃል ሳይሳሳት ሙሉ በሙሉ ይዋሻል።

ሁለት ትናንሽ ነገሮች ልጨምር። በ«ራሾሞን» ዳኛው አይታይም፤ ድምፁም አይሰማም። ምስክሮቹ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ወደ ካሜራው፣ ማለትም ወደ እኛ ይናገራሉ። እርስዎ ረቂቅዎ ውስጥ ጥያቄዎቹን ሁሉ ለአንድ ሽማግሌ አስጠይቀዋል፤ የሽማግሌውን ጥያቄ ያውጡትና መልሱን ብቻ ይተዉት፤ ሜዳው ላይ የተቀመጠው አንባቢው ይሆናል። ሌላው ወፉ ነው። በፊልሙ ሬሳውን አገኘሁት የሚለው እንጨት ቆራጭ ከሁሉ የተሻለ እውነተኛ መስሎን ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ የጠፋውን ውድ ጩቤ የወሰደው እርሱ ሳይሆን አይቀርም። የእርስዎ ወፍ በረቂቁ ውስጥ ያለ ምንም ነውር እውነቱን የሚናገር ብቸኛ ሰው ነው፤ ይህ ለወፉም ለታሪኩም አይበጅም። ሌሊት ላይ በሬ ሲነዳ ያየ ሰው እርሱ ራሱ በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ያደርግ ነበር?

ከሸዋ ሮቢት

«ዋናው ገጸ ባሕርይ ታሪኩ ሳያልቅ ቢሞትብኝ ስሕተት ነው ወይ? ጓደኞቼ ‹ዋናው አክተር አይሞትም› እያሉ ያስፈራሩኛል።»

ስሕተት አይደለም፤ ግን ከሞተ በኋላ ታሪኩን የሚሸከም ሌላ ነገር መኖር አለበት። ይኸው ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1952 «ኢኪሩ» የተባለ ፊልም ሠርቷል፤ ትርጉሙ «መኖር» ማለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመታ የኖረ የመንግሥት ሠራተኛ የሆድ ካንሰር እንዳለበት ይረዳና በቀረችው ጊዜ ለሰፈር ልጆች መጫወቻ ቦታ ለማሠራት ይነሣል። ፊልሙ ገና ብዙ ሲቀረው በድንገት መሞቱ ይነገረናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሥራ ባልደረቦቹ በለቅሶው ቤት ተቀምጠው «ለምን እንዲያ ሆነ?» እያሉ የሚከራከሩበት ነው። በረዶ ሲጥል ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ሲዘፍን የምናየው እንኳ ሌላ ሰው ሲያወራው ነው።

ለእኛ ይህ እንግዳ አሠራር አይደለም። በለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሟችን ታሪክ በሦስት ቀን ውስጥ ከአሥር ሰው አፍ ያልሰማ የሸዋ ሰው የለም፤ ከአሥሩም አንዱ በሕይወቱ ሳለ የበደለው ነው። የእርስዎንም ሰው ይግደሉትና ድንኳኑ ውስጥ ማን ማን እንደ ተቀመጠ ይንገሩን።

ከደብረ ሲና

«የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ልቦለድ ስጽፍ ምልልሱ ያስቸግረኛል። ሰዎቼ ሁሉ እንደ ዜና አንባቢ ነው የሚናገሩት። የአማርኛ ፊልሞችን ሳይ ደግሞ ገጸ ባሕርያቱ ሐሳባቸውን ሁሉ ዘርዝረው ስለሚናገሩ ይሰለቸኛል። እንደ አያቴ አነጋገር ልጽፍ ወይስ እንደ መጽሐፍ?»

ልጄ፣ በዕድሜሽ ምክንያት «አንቺ» ልበልሽ፤ ቀጥሎ የምናወራውም ስለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ ግን ከቤትሽ ደጃፍ እንጀምር። ከጣርማ በር ጉም ወጥቶ ቁልቁል የመጣ አውቶቡስ ደብረ ሲና ሲቆም ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ይከቡታል። አውቶቡሱ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሻጯ ስለ ኑሮዋ ክብደት ለተሳፋሪው አትናገርም፤ ጊዜ የላትም። «እናትዬ፣ ቅመሽው፤ ካልጣመሽ ተዪው» ትላለች። በዚህች አነጋገር ውስጥ መሸጥ መፈለጓ አለ፣ በቆሎዋ መተማመኗ አለ፣ አውቶቡሱ ሊሄድባት መሆኑም አለ። ገጸ ባሕርይሽ አፉን ሲከፍት ከሚያናግረው ሰው የሚፈልገው ነገር ይኑረው፤ የሚፈልገውን ነገር ግን ስሙን አይጥራው። አንቺን ያሰለቹሽ ፊልሞች ስሙን የሚጠሩት ናቸው። ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ አንድ አውቶቡስ ቆሞ እስኪሄድ ድረስ የሰማሽውን ሁሉ ሳታሳምሪ በደብተርሽ ጻፊው።

ሁለተኛው ነገር አማርኛ ለጸሐፊ የሰጠው፣ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎም የሚፈስስ ሀብት ነው። «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»፣ «አንቱ» የሚሉትን ማለቴ ነው። ባልና ሚስት ሲኳረፉ ሚስት ባሏን በድንገት «እርስዎ» ብትለው ቤቱ ውስጥ ምን እንደ ተፈጠረ ሌላ ማብራሪያ አያሻም። ልጅ ሆኖ እናቱን «አንቺ» ሲል ያደገ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ከከተማ ይመጣል እንበል፤

«ደህና ነዎት እማዬ?»

«ማንን ነው የምትጠይቀው? ከኋላዬ ሰው አለ እንዴ?»

እናትየዋ «ራቅኸኝ፣ ባዳ ሆንክብኝ» ብትል ኖሮ እንዳሰለቹሽ ፊልሞች በሆነ ነበር። እንደ አያትሽ ወይስ እንደ መጽሐፍ ላልሽው፣ ተራኪሽ እንደ መጽሐፍ ይናገር፤ አያት የሆነችው ገጸ ባሕርይ እንደ አያትሽ ትናገር፤ ከአዲስ አበባ የመጣው የወንድምሽ ጓደኛ ደግሞ እንደ እርሱ ይናገር። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው አስተማሪ ከእናንተው አገር የወጣ ነው። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያሳተመው «አደፍርስ» መቼቱ እዚያው ደብረ ሲና አካባቢ ሲሆን፣ ተማሪውም፣ እመቤቲቱም፣ ባላገሩም በየራሳቸው አንደበት ይከራከሩበታል። መጽሐፉ በመጀመሪያ ንባብ ከባድ ነው፤ ተስፋ አትቁረጪ። ታሪኩን ለማወቅ ሳይሆን ስም የተጻፈበትን ቦታ በእጅሽ ሸፍነሽ በአነጋገሩ ብቻ ማን እንደሆነ ለመለየት አንብቢው። ከዚያ የራስሽንም ረቂቅ እንዲሁ ሸፍነሽ ፈትኚው።

ከአንኮበር

«ጡረታ የወጣሁ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የላክሁላችሁ ታሪክ አባታቸው ለታናሹ የተናዘዘለትን ወረቀት ስለ ደበቀ ታላቅ ወንድም ነው። መጨረሻው ላይ የታሪኩን ትምህርት በአንድ ገጽ አስፍሬአለሁ። ልጄ ‹አባባ፣ ይህን ገጽ አውጣው› ይለኛል። ባወጣው ግን አንባቢ መልእክቱን ይስተዋል ብዬ እሠጋለሁ። እናንተ ምን ትላላችሁ?»

ክቡር ጠያቂያችን፣ ሥጋትዎ ከጥሩ ቦታ የመጣ ነው። እኛ ያደግነው በተረት ነው፤ ተረት ነጋሪውም ሲጨርስ የታሪኩን ፍሬ አውጥቶ ይሰጠን ነበር። ተረት ነጋሪው ግን ልጆቹን ዓይን ለዓይን እያየ ነው የሚናገረው፤ ያልገባው ልጅ ካለ ፊቱ ላይ ያየዋል። የታተመ ታሪክ አንባቢውን አያየውም፤ ስለዚህ ማመን ይኖርበታል።

ሕንዳዊው ሳትያጂት ሬይ እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣው የመጀመሪያ ፊልሙ «ፓቴር ፓንቻሊ» ውስጥ ዱርጋ የምትባል የድሃ ልጅ የጎረቤት የአንገት ጌጥ ሰረቀች ተብላ ትከሰሳለች። አልወሰድኩም ትላለች፤ እናቷ በዚህ ምክንያት ትደበድባታለች። በኋላ ዱርጋ ዝናብ መትቷት፣ ታምማ ትሞታለች። ቤተሰቡ መንደሩን ለቅቆ ሊሄድ ዕቃ ሲጠቀልል ታናሽ ወንድሟ አፑ መደርደሪያው ላይ ከቆየ ዕቃ ውስጥ ያንን ጌጥ ያገኘዋል። ሰርቃው ኖሯል። ልጁ ማንንም አይጠራም፤ ይሮጥና ኩሬው ውስጥ ይወረውረዋል። ውኃው ላይ የተጋገረው አረንጓዴ ነገር ሲወድቅበት ክፍት ይላል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይገጥማል። ሬይ እዚህ ላይ አንድ ድምፅ አስገብቶ «ወንድም የእህቱን ስም ጠበቀ» ቢያሰኝ ኖሮ ኩሬው ሲገጥም ማን ያይ ነበር?

ኢራናዊው አባስ ኪያሮስታሚም እ.ኤ.አ. በ1987 በሠራው «የጓደኛዬ ቤት የት ነው?» በተባለው ፊልም እንዲሁ አድርጓል። አሕመድ የተባለ የመንደር ተማሪ የክፍል ጓደኛውን ደብተር በስሕተት ይዞ ወደ ቤቱ ይመጣል። መምህሩ ያ ጓደኛው አንድ ጊዜ ደግሞ የቤት ሥራውን በደብተሩ ሳይሠራ ቢመጣ እንደሚያባርረው ዝቶበታል። ልጁ ደብተሩን ለመመለስ ኮረብታውን አቋርጦ ወደ ሌላ መንደር ሲሮጥ ይመሻል፤ ቤቱን ግን ሳያገኘው ይመለሳል። በማግስቱ የጓደኛውን የቤት ሥራ ራሱ ሠርቶለት ይመጣል። መምህሩ ደብተሩን ሲገልጥ በገጾቹ መካከል ልጁ በመንገድ ላይ ከአንድ ሽማግሌ የተቀበላት ትንሽ አበባ ተጣብቃ እናያለን፤ ፊልሙም ያልቃል። ስለ ታማኝነት የተነገረ ነገር የለም። አበባዋን ያየ ሰው ግን ያ ሩጫ ሁሉ፣ ያ ጨለማ፣ ያ የውሻ ጩኸት ይመለስበታል።

ልጅዎ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። እርስዎ ራስዎም ሳያውቁት መጨረሻውን ከትምህርቱ ገጽ በፊት ጽፈውታል። ታናሹ ወንድም የሚገባውን ሳያገኝ፣ ያለ ቂም ታላቁን ሊሰናበት ይመጣና «ወንድም ጋሼ፣ ለልጆቹ ይህን ስጥልኝ» ብሎ አንድ ቁና ገብስ ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ታላቁ ወደ ጓዳ ይገባል፣ ሳጥኑን ይከፍታል፣ ወረቀቱ እዚያው መኖሩን ያያል፣ መልሶ ይቆልፋል፤ ቁልፉን በአንገቱ ክር ላይ ከመስቀሉ ጎን ያስረዋል። ይህን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሥቼ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣው ገጽ ይውጣልኝ፤ ገብሱም ደጃፉ ላይ እንዳለ ይቅር። በዚህ መልክ አስተካክለው ቢልኩልን በሚቀጥለው እትም በደስታ እናወጣዋለን።